ፍላሹ ሲነቀል ድራይቨሩ ምን ይሁን? ለኮምቦልቻው ተማሪ

«ኮምቦልቻ ሶፍትዌር ምህንድስና የምማር የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ክረምት ላይ ደሴ ፒያሳ ፎቶኮፒ ቤት ስሠራ፣ ደንበኛ ፍላሹን መንጭቆ ሲነቅል ኮምፒውተሩ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ልቤ ከርነል ድራይቨር (በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ ሆኖ እንደ ፍላሽ ያለ ዕቃን የሚያሠራ ኮድ) ላይ ነው። ጓደኞቼ ግን ‹ዌብ ተማር፣ ይሄ እንጀራ አይሆንም› ይሉኛል። ልተወው?»

አብሽር ወንድሜ፣ አትተወው። የያዝከው ጥያቄ ትልቅ ነው።

ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ዕቃው ሲሰካ ላይ ነው። ሲነቀልስ? ፕሮግራሙ ፋይሉን ገና አልዘጋም። የተላከ ትዕዛዝም አልተመለሰም። በዚህ መሀል ድራይቨሩ «ዕቃው ሄዷል» ብሎ ሜሞሪውን ከለቀቀ፣ ፕሮግራሙ ተመልሶ የሚነካው ሌላ የያዘውን ቦታ ሊሆን ይችላል። ሲስተሙ ይደርቃል፤ ባስ ሲል ምንም የማያገባው ዳታ ይበላሻል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ አዲስ ጥያቄ እንዳይገባ ትዘጋለህ። ከዚያ የተላኩትን ትሰርዛለህ፤ ሲጠብቅ ለነበረውም ስህተቱን ትመልስለታለህ። ሜሞሪውን ግን የመጨረሻው ተጠቃሚ እስኪለቅ አትነካውም። ፋይሉን የከፈተ ሁሉ ይቆጠራል፤ ቆጠራው ዜሮ ሲደርስ ብቻ ይለቀቃል።

ይህን በዓይንህ እንድታየው እፈልጋለሁ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ «ዩኤስቢ ስኬለተን» የሚባል፣ ለምሳሌነት የተቀመጠ ድራይቨር አለ። ዕቃው ሲነቀል የሚጠራውን፣ ዲስኮኔክት የሚለውን ፋንክሽን ክፈት። ሌላ ኮድ በመሀል እንዳይገባ የሚከለክለውን ቁልፍ ይይዛል፣ «ተነቅሏል» የሚል ምልክት ያደርጋል፣ ቁልፉን ይለቃል፣ የተላኩትን ያስቆማል፣ በመጨረሻ ከቆጠራው አንድ ይቀንሳል። ከዚያ ዳታ ወደሚያነበው ፋንክሽን፣ ወደ ሪድ ሂድ፤ ምልክቱን ካየ «ዕቃው የለም» ብሎ ይመለሳል። አሁን አንዷን መስመር አጥፋና የሚሰበረውን ተከታተል። በገዛ ላፕቶፕህ ላይ ግን እንዳትሞክረው! ኪውኢሙ በሚባለው ሶፍትዌር ቨርችዋል ማሽን (በኮምፒውተርህ ውስጥ የሚሠራ አስመሳይ ኮምፒውተር) ሥራ፤ እዚያ ፍላሽ የሚሰካውም የሚነቀለውም በትዕዛዝ ነው። ካሳን የሚባለውንም መፈተሻ አብራ። ከ2015 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ አለ፤ የተለቀቀ ሜሞሪ ሲነካ የትኛው ፋንክሽን እንደነካው ይነግርሃል።

ወደ እንጀራው ስንመጣ፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ «የከርነል ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ጠብቀህ አትቀመጥ። የቤት ኪራይህን ለጊዜው ዌብ ይክፈልልህ፤ እዚህ ላይ ጓደኞችህ ልክ ናቸው። ለኢንተርንሽፕ ግን የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችን በር አንኳኳ። የማሽን መቆጣጠሪያዎች ባሉበት፣ ሥራ ላይ እያለ የተነቀለ ገመድ ምን እንደሚያስከትል የሚያስብ ልጅ ይፈለጋል።

ሲቪህ ላይ «ሊኑክስ እችላለሁ» ብለህ አትለፍ። «ሲነቀል የሚወድቅ ድራይቨር አገኘሁ፣ ምክንያቱ ይሄ ነበር፣ እንዲህ አስተካከልኩት» ብለህ ጻፍ። ሊኑክስ ፋውንዴሽን የከርነል ስህተት ማስተካከል በርቀት የሚያለማምድ የሜንተርሺፕ ፕሮግራም አለው። ማመልከቻው ሲከፈት እንዲህ የተሠራ አንድ ጥገና በእጅህ ይኑር።