የምርቃት ሰሞን ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ምርቃት ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ኮሌጆች በብዛት የሚያስመርቁት ግንቦት ላይ ስለሆነ ወቅቱ ነው። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ያስተማሩት ትንንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች ውስጥ መሆኑ ደግሞ ደስ ብሎኛል። እነዚህ ኮሌጆች ጠቅላላ ተማሪያቸው ሁለት ሺህ ገደማ ነው። ዋና ሥራቸውም የመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ነው። ምርቃታቸውም ይለያል። ተመራቂው በጅምላ «ተነሱ» ተብሎ፣ ተጨብጭቦለት አይሸኝም። አንድ በአንድ በስሙ ተጠርቶ መድረክ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከስሙ ልጀምር።

«የልጃችንን ስም አራት ዓመት ሙሉ ሲያበላሹት ሰምተናል። በምርቃቱ ቀን እንኳን በትክክል እንዲጠራ ምን እናድርግ?» (የተመራቂ አባት)

ይህን ጥያቄ ቀለል አድርገው እንዳያዩት። በእኛ አጠራር ከልጁ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የእርስዎ የራስዎ ስም ነው። ያን ዕለት ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰሙት የልጅዎንም የእርስዎንም ስም ነው። በትክክል ሊጠራ ይገባዋል።

ብዙ ኮሌጆች ከምርቃቱ ሳምንታት ቀደም ብለው ለተመራቂዎች መልእክት ይልካሉ። ስምህን በራስህ ድምፅ ቅዳና ላክ የሚል ነው። ልጆች ፈተና ላይ ስለሚሆኑ ይረሱታል። ያስታውሱት። ሲቀዳም «ለነሱ እንዲቀላቸው» ብሎ ስሙን እንግሊዝኛ አያስመስለው። ቤት ውስጥ እንደምትጠሩት ይበለው። ረጋ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ።

ሌሎች ኮሌጆች ደግሞ ካርድ ይሰጣሉ። ተመራቂው ስሙን አጠራሩን በሚያሳይ መንገድ ይጽፍበትና መድረኩ ጫፍ ላይ ለአንባቢው ያቀብላል። እዚህ ላይ ፓስፖርት ላይ ያለውን አጻጻፍ መገልበጥ አይጠቅምም። ስሙን ከፋፍሎ፣ ጠበቅ የሚለውን ክፍል በትልልቅ ፊደል መጻፍ ነው። «ጸጋዬ» ከሆነ ለምሳሌ «ጸ»ን ወይ «ሰ» ወይ «ዘ» ያደርጉበታል፤ «ጋ» ላይ ጠበቅ ማለት እንዳለበትም አያውቁም። ከሁሉ የሚሻለው ግን በልምምዱ ቀን ስም የሚያነበውን ሰው ማግኘት ነው። ብዙውን ጊዜ ዲኑ፣ ሬጅስትራሩ ወይም ከመምህራኑ አንዱ ነው። ልጁ ሄዶ ስሙን ይንገረው፣ እሱም መልሶ እንዲለው ያድርግ። ሰውየው በደስታ ይሞክራል። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ የማይታሰብ ነው፤ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ግን ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲግሪው ወረቀት ላይ የሚታተመው ስም የሚወሰነው ልጁ ለመመረቅ ፎርም ሲሞላ፣ ከወራት በፊት ነው። የአያት ስም ይግባ አይግባ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከታተመ በኋላ ማስቀየር ጣጣው ብዙ ነው፣ ክፍያም ሊጠይቅ ይችላል።

«አምና የእህቴ ልጅ ሲመረቅ የተሰጠውን የዲግሪ ማህደር ብንከፍተው ባዶ ነው። ደነገጥን። ዘንድሮ የኔ ተራ ነውና ምን ልጠብቅ?»

ባዶ መሆኑ ችግር አለ ማለት አይደለም። ምርቃቱ የሚደረገው የመጨረሻው ፈተና ካለቀ በቀናት ውስጥ ነው። ውጤቱ ሁሉ ገብቶ፣ ሬጅስትራሩ አጣርቶ፣ ዲግሪው እስኪጸድቅ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ቦታ ዕለቱ ላይ የሚሰጠው ሽፋኑ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ በኋላ በፖስታ ይመጣል። ተማሪ ትንሽ በሆነበት ኮሌጅ ግን ውጤቱን ቶሎ አጣርተው እዚያው እውነተኛውን የሚሰጡ አሉ። የሴቶች ኮሌጅ የሆነው ስሚዝ ኮሌጅ እንዲያውም ደስ የሚል ልማድ አለው። እያንዳንዷ ተመራቂ የሌላ ሰው ዲፕሎማ (የዲግሪ ወረቀት) ይሰጣታል። ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ክብ ሠርተው ይቆሙና የየራሳቸው እስኪደርሳቸው ድረስ እየተቀባበሉ ያዞሩታል። የደረሳት ከክቡ ትወጣለች።

ልጅዎ ያልከፈለው ሂሳብ ካለ ግን ቀደም ብሎ ይጠይቅ። በዚህ ምክንያት ዲፕሎማ የሚይዙ ኮሌጆች አሉ። የፌዴራል ብድር ከወሰደም ከትምህርት ከመውጣቱ በፊት «ኤግዚት ካውንስሊንግ» የሚባለውን፣ ስለ ብድሩ አከፋፈል የሚሰጠውን ገለጻ፣ መጨረስ ግዴታው ነው።

«አንድ ኮርስ ወድቄያለሁ። ኮሌጁ ከጓደኞችህ ጋር ሰልፍ ውስጥ መግባት ትችላለህ፣ ኮርሱን በሰመር፣ ከምርቃቱ በኋላ ባለው የዕረፍት ወቅት፣ ትጨርሳለህ ብሎኛል። ቤተሰቦቼ ከሩቅ እየመጡ ነው። ምንም አልነገርኳቸውም። ዝም ብዬ ልሰለፍ?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት።

መጀመሪያ ስለ ሰልፉ። አንድ ወይም ሁለት ኮርስ የቀረው ተማሪ ከእኩዮቹ ጋር እንዲሰለፍ የሚፈቅዱ ኮሌጆች ብዙ ናቸው። ኮሌጁ ራሱ ከፈቀደልህ ማንንም አላታለልክም። አራት ዓመት አብረውህ ያደሩ ልጆች ናቸው። ተሰለፍ። ጋዋኑን ልበስ፣ ስምህ ይጠራ።

ቤተሰቦችህን ግን ከመምጣታቸው በፊት ንገራቸው። ይህን የምልህ ልገሥጽህ አይደለም። በዚያ ቀን ምን እንደሚያጋጥምህ አስበው። አንዳንድ ኮሌጅ በፕሮግራሙ መጽሔት ላይ ገና ያልጨረሱትን ስም አጠገብ ምልክት ያደርጋል። አባትህ ያቺን መጽሔት ከዳር እስከ ዳር ነው የሚያነቧት። አንድ መምህር መጥቶ «ሰመሩን እዚሁ ነህ አይደል?» ሊልህ ይችላል። በትንሽ ኮሌጅ ሁሉም ሰው ያውቅሃል፤ ምስጢር አይቆይም። አንተም ሙሉ ቀን ማን ምን ይላል እያልክ ስትሳቀቅ ትውላለህ። እናትህ አቅፈውህ ሲያለቅሱ ደስታቸውን እንኳ ልትቀበለው አትችልም።

ስትነግራቸው ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ። «አንድ ኮርስ ቀርቶኛል፤ በዚህ ቀን እጀምራለሁ፣ በዚህ ቀን እጨርሳለሁ፣ ክፍያው ይህን ያህል ነው፤ ምርቃቱ ላይ ግን እሰለፋለሁ፣ እንድትመጡልኝ እፈልጋለሁ» በላቸው። ከመደወልህ በፊት አማካሪህ ጋ ሂድና ቀኑንና ክፍያውን በጽሑፍ ተቀበል። ወላጅ በጣም የሚደነግጠው መጨረሻው ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ለአባትህ መንገር ከከበደህ ለታላቅ እህትህ ወይም ለአክስትህ ቀድመህ ንገር፤ መንገዱን ያለሰልሱልሃል። ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ። ቁጣው በስልክ ያልቅና ምርቃቱ ላይ ደስታው ብቻ ይቀርላችኋል።

«ሁላችንም መግባት እንችላለን? ቤተሰባችን አሥራ አንድ ነው።»

አየሩ ነው የሚወስነው። ብዙ ትንንሽ ኮሌጆች የሚያስመርቁት ሜዳ ላይ ነው። ስዋርትሞር ኮሌጅ ለምሳሌ ረጃጅም ዛፎች መካከል ያለ አምፊቴአትር አለው። ውጭ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቲኬት አያስፈልግም፣ ወይም በርከት ተደርጎ ይሰጣል። ዝናብ ከጣለ ግን ሁሉም ጂም ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ለአንድ ተመራቂ የሚሰጠው ቲኬት ጥቂት ነው። ስለዚህ «የዝናብ ቲኬት» ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ዝናብ ቢመጣ ማን ውስጥ እንደሚገባና ማን በቀጥታ ስርጭት እንደሚያይ ቤታችሁ ሆናችሁ ወስኑ። በር ላይ ቆሞ መከራከር የልጁን ቀን ያበላሻል።

ማደሪያውን ደግሞ ዛሬ ያዙ። እነዚህ ኮሌጆች ብዙዎቹ ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ናቸው፤ ሆቴሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ሰው ከዓመት በፊት ይይዛቸዋል። ካጣችሁ ኮሌጁን ጠይቁ፤ የተማሪ ዶርም ለቤተሰብ የሚያከራዩ አሉ። ከቻላችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ። ማውንት ሆልዮክ ኮሌጅ ውስጥ በምርቃቱ ዋዜማ ተመራቂዎቹ ነጭ ለብሰው፣ ረጅም የቅጠል ጉንጉን ተሸክመው እስከ መሥራቿ ሜሪ ላየን መቃብር ይሄዳሉ። ዋናውን ቀን ብቻ የመጣ ቤተሰብ ይህን አያየውም።

«ቆቡ ላይ የሚንጠለጠለው ዘርፍ በየትኛው በኩል ነው? መምህራኑስ ለምን ሌላ ሌላ ቀለም ይለብሳሉ?»

ለመጀመሪያ ዲግሪ ከቀኝ ይጀምርና ዲግሪው ሲሰጥ ወደ ግራ ይዞራል። መቼ እንደሚዞር መድረኩ ላይ ይነገራቸዋል።

አለባበሱ 1895 ላይ የአሜሪካ ኮሌጆች ከተስማሙበት ደንብ የመጣ ነው። መምህራኑ ሲገቡ ጀርባቸውን እዩ። ከአንገት ወደ ኋላ የሚወርደው «ሁድ» የውስጡ ቀለም የተማሩበትን ዩኒቨርሲቲ ያሳያል፤ የጠርዙ ከፋይ (ቬልቬት) ጨርቅ ቀለም ደግሞ የትምህርቱን ዘርፍ። ጥቁር ሰማያዊ ፍልስፍና ነው፤ ፒኤችዲ ያላቸው ብዙዎቹ የሚለብሱት እሱን ነው። ወርቃማ ቢጫ ሳይንስ ነው። እጅጌው ላይ ሦስት የከፋይ መስመር ካለ ዶክተር ናቸው። ስሞቹ ተጠርተው እስኪያልቁ ትንሹን ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ይህን አስቆጥሩት።

«እልል ማለት ነውር ነው?»

አይደለም። አንዳንድ ኮሌጅ «ሁሉም ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ ጭብጨባ ያዙልን» ብሎ ያሳስባል። ከተባለ አክብሩ፤ የቀጣዩ ልጅ ስም በእናንተ ድምፅ ሊዋጥ ይችላል፣ የዚያም ልጅ እናት መጥታለች። ካልተባለ አንዴ ጥሩ አድርጋችሁ እልል በሉና ቁጭ በሉ።

«ልጄ በኬሚስትሪ ነው የምትመረቀው። ዲግሪዋ ግን ‹ቢኤ› ይላል። ዘመዶች ‹ሳይንስ ተምራ እንዴት አርትስ ይሰጧታል› ይሉኛል። ተሸውደን ይሆን?»

በፍጹም አልተሸወዳችሁም። ሊበራል አርትስ ኮሌጆች ፊዚክሱንም፣ ሒሳቡንም፣ ባዮሎጂውንም ያስተምራሉ። ብዙዎቹ ለሁሉም ተማሪ የሚሰጡት ዲግሪ አንድ ዓይነት ነው፤ እሱም ቢኤ ነው። የኬሚስትሪ ኮርሶቿ በትራንስክሪፕቷ ላይ አንድ በአንድ አሉ። ቀጣሪም ሆነ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ የሚያየው እሱን ነው።

ዘመድ ካልተዋጠለት ይህን ንገሩልኝ። ጄኒፈር ዳውድና ፖሞና ከሚባል ትንሽ ኮሌጅ በኬሚስትሪ ቢኤ ይዛ ወጣች፤ 2020 ላይ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመች። ቶማስ ቼክ አዮዋ ውስጥ ካለው ግሪኔል ኮሌጅ በኬሚስትሪ ቢኤ አገኘ፤ 1989 ላይ እሱም የኬሚስትሪ ኖቤል ወሰደ።

«ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ መምህራን ከወላጆች ጋር የሚገናኙበት ግብዣ አለ አሉን። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ልጄን ላሳፍራት አልፈልግም፤ ልቅር?»

እንዳይቀሩ እናቴ። በእነዚህ ኮሌጆች ክፍል ውስጥ አሥራ አምስትና ሃያ ተማሪ ነው የሚቀመጠው። መምህሯ ልጅዎን በስም ብቻ ሳይሆን በጠባይ ያውቋታል። መቼ እንደደከመች፣ ምን እንደሚያስቃት፣ የመጨረሻ ዓመት ጽሑፏን ስንት ጊዜ እንደከለሰች ያውቃሉ። እርስዎን ማየት ይፈልጋሉ፤ ብዙዎቹ «እናትሽ ትመጣለች?» ብለው አስቀድመው የሚጠይቁ ናቸው።

ልጅዎ ታስተርጉም። እርስዎ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ይሂዱ፦ «እርስዎ ክፍል ውስጥ ልጄ ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?» መልሱን ልጅቷ ራሷ ስታስተረጉም ፊቷን እዩት። መምህሯ ስለ ጉብዝናዋ ሲናገሩ እሷ አፍራ ልታሳጥረው ትሞክራለች፤ ሙሉውን እንድትነግርዎት ይጠይቋት።

«እናቴ ከአዲስ አበባ ለምርቃቴ እንድትመጣ ምን ላድርግ? እኔም በተማሪ ቪዛ ነኝ። ከምርቃቱ በኋላ ስንት ቀን አለኝ?»

ለእናትሽ ኮሌጁ የጥሪ ደብዳቤ ይጽፍልሻል፤ የውጭ ተማሪዎች ቢሮን ጠይቂ። ደብዳቤው ይረዳል፣ ቪዛውን ግን አያረጋግጥም። ቆንስሉ ዋናው ጥያቄው እናትሽ ተመልሰው ይሄዳሉ ወይ የሚለው ነው። ሥራቸውን፣ ቤታቸውን፣ እዚያ የሚጠብቃቸውን ቤተሰብ የሚያሳይ ሰነድ ይያዙ። ቀጠሮ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ከመስከረም ጀምሮ ብትንቀሳቀሱ ይሻላል። ካልተሳካ የቀጥታ ስርጭቱን አድራሻ ቀድመሽ ላኪላቸው፤ በእነሱ ሰዓት ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሆንም ጻፊላቸው።

ወደ አንቺ ስንመጣ፣ የሚቆጠረው ከምርቃቱ ቀን አይደለም። የሚቆጠረው አይ-20 በሚባለው፣ ኮሌጁ ለውጭ ተማሪ በሚሰጠው ሰነድ፣ ላይ ከተጻፈው የትምህርት ማብቂያ ቀን ነው። ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ። ከዚያ ቀን በኋላ በኤፍ-1 (በተማሪ ቪዛ) ያለ ተማሪ ለመቆየት 60 ቀን አለው። ኦፒቲ (ከተመረቅሽ በኋላ በተማርሽበት ሙያ ለጊዜው የመሥራት ፈቃድ) ከፈለግሽ ማመልከት የሚቻለው ከማብቂያው ቀን 90 ቀን በፊት ጀምሮ ነው፤ መጨረሻው ከማብቂያው በኋላ ባለው 60ኛ ቀን ነው። በተጨማሪ የኮሌጁ የውጭ ተማሪዎች ኃላፊ ለኦፒቲው የሚሰጥሽን ድጋፍ ሲስተም ላይ ካስገባ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻሽ መግባት አለበት፤ ብዙ ልጅ የሚያመልጠው ይህ ነው። ደንቡ ሊለወጥ ስለሚችል እያንዳንዱን ቀን ከኮሌጁ ቢሮ አረጋግጪ። ጋዋን ከመከራየትሽ በፊት አይ-20ሽን አውጪና ቀኑን እዪ። 90 ቀኑ ውስጥ ከገባሽ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዢ።