የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ በአገሬ የለም፤ ምን ላይ ልሥራ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። የፈነዱ ከዋክብትን ቅሪትና በመሃላቸው የሚገኙትን ኒውትሮን ኮከቦች፣ ማለትም ከፍንዳታው የሚተርፉትን እጅግ የታመቁ እምብርቶች፣ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። ሁለት ነገር አስግቶሻል፤ መሣሪያው በአገር ውስጥ አለመኖሩና እናትሽ «እንጀራ ይወጣዋል ወይ?» ማለታቸው።

የመጀመሪያው አያስጋሽ። ከባቢ አየር ኤክስሬይን ስለሚውጠው ለዚህ ጥናት የሚያገለግል ቴሌስኮፕ ሁሉ ወደ ጠፈር ይወጣል። ቻንድራ የተባለው የናሳ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የሰበሰበው መረጃ፣ አዲሱ ጥቂት ጊዜ ከመቆየቱ በቀር፣ ለማንም ክፍት ነው፤ መተንተኛ ፕሮግራሙም በነጻ ይገኛል።

ካሲዮፒያ ኤ በተባለው የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ጀምሪ። ርቀቱ 11,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ፋይሉን ስትከፍቺ የምታገኚው ሥዕል ሳይሆን ረጅም ሰንጠረዥ ነው፤ በየመስመሩ አንድ የኤክስሬይ ቅንጣት መቼ እንደደረሰች፣ የት እንዳረፈችና ጉልበቷ ስንት እንደሆነ ተመዝግቧል። ሥዕሉን ከዚያ የምታወጪው አንቺ ነሽ። መሃል ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ታያለሽ፤ ኒውትሮን ኮከቧ እሷ ናት። ነጥቧን በክብ ከበሽ፣ በዙሪያዋ ያለውን ብርሃን ከእሷ ብርሃን ላይ ለመቀነስ ከአጠገቧ ሌላ ቦታ ትመርጫለሽ። የቅሪቱ ጋዝ ራሱ ስለሚያበራ የመረጥሽው ቦታ ውጤቱን ይለውጠዋል። እዚህ ላይ አትቸኩዪ፤ ሳምንት ቢፈጅም አይቆጭሽ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሆ እና ሃይንኬ የተባሉ ተመራማሪዎች የዚህችን ኮከብ ብርሃን ሲመረምሩ፣ ገጽታዋን የሸፈነው ሃይድሮጅን ነው ብለው ሲያሰሉ መጠኗ ከልክ በላይ አነሰባቸው፤ ካርቦን ነው ብለው ሲያሰሉ ግን ለኒውትሮን ኮከብ የሚገባው መጠን ተገኘ። በዓመቱ ደግሞ ሙቀቷ በአሥር ዓመት ውስጥ 4 በመቶ ያህል ቀንሷል አሉ። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን በቻንድራ መሣሪያ ላይ እየተጠራቀመ የሄደው ቆሻሻ ልኬቱን ሊያዛባ እንደሚችል አሳዩ። እኔ ከሁሉም በላይ የምወድደው ይህን ክርክር ነው፤ ኮከቧን ለማወቅ መጀመሪያ መሣሪያውን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ያሳያልና።

ለእናትሽ እውነቱን ንገሪያቸው። በአገር ውስጥ የሥነ ፈለክ የሥራ ቦታ ጥቂት ነው። ሆኖም በፓይተን ቋንቋ የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትጽፍ፣ ስታቲስቲክስ የምታውቅና የልኬት ስሕተትን የምትለይ ልጅ ለባንክም ለቴሌኮምም ታስፈልጋለች።

አማካሪ መምህርሽ ዘንድ ስትሄጂ ምኞትሽን ብቻ ይዘሽ አትግቢ። ያችን ነጥብ የከበብሽበትን ሥዕልና ሁለት የተለያዩ ቦታዎች መርጠሽ ያገኘሻቸውን ሁለት ውጤቶች ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪ።