ልጄ ጥቁር ስለሆነች ቶማስ ጄፈርሰን አይቀበላትም?

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምንኖረው። ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። ቶማስ ጄፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ጥቁር ልጆችን አይቀበልም ይሉኛል። ዘሯን መሙላት ይጎዳት ይሆን? ካልተቀበሏትስ መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ እህቴ፣ የሰሙት መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከተቀበላቸው 486 ልጆች ጥቁሮቹ እጅግ ጥቂት ስለነበሩ ቁጥራቸው ተለይቶ እንኳ አልወጣም። ያኔ የሚለየው የመግቢያ ፈተና ነበር፤ ለማመልከት ብቻ 100 ዶላር ይከፈል ነበር፤ ልጁን ለፈተናው በግል ያስጠና ቤተሰብ ይቀድማል። በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው የፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቦርድ ፈተናውንም ክፍያውንም ሰረዘ። ለየመንግሥት መካከለኛ ትምህርት ቤቱ ከ8ኛ ክፍል ተማሪዎቹ 1.5 በመቶ የሚሆን ቦታ መደበ፤ 400 ተማሪ ካለ 6 ቦታ ማለት ነው። በ2021 ከተቀበላቸው 550 ጥቁሮቹ 39 ሆኑ።

ዘሯን መሙላት አይጎዳትም፣ አይጠቅማትምም። በአዲሱ አሠራር መዛኞቹ ስሟንም ዘሯንም አያዩም፤ የሚደርሳቸው መለያ ቁጥር ነው።

ክሱ ግን ከባድ ነው። ወላጆች፣ ብዙዎቹ የእስያ ዝርያ ያላቸው፣ ይህን አዲስ አሠራር ከሰው በ2022 ረተው ነበር፤ በ2023 ይግባኝ ሰሚው 2 ለ1 ሻረባቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2024 ጉዳዩን ለማየት አልፈቀደም። ቦርዱ ሆን ብሎ እነሱን ለመጉዳት እንደሠራ አላስረዱም ተባለ። ያው ሚዛን እርስዎንም ይይዛል፤ የጥቁር ተማሪ ቁጥር ማነሱ ብቻውን አያስረታም። በዘሯ ምክንያት እንደተከለከለች የሚያሳይ ማስረጃ ካለዎት ለፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ ያመልክቱ። ክፍያ የለውም፤ ጠበቃም የግድ አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን አድራሻዎ ነው። ፖስታዎ ላይ «አሌክሳንድሪያ» ተብሎ ቤትዎ በፌርፋክስ ካውንቲ ሊሆን ይችላል፤ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ትምህርት ቤቶች ግን በዚህ ፕሮግራም ውስጥ የሉም። የንብረት ግብር የሚጠይቅዎ ማን እንደሆነ ይዩ፤ ተከራይ ከሆኑ አከራይዎን ይጠይቁ።

ቀጥሎ የ8ኛ ክፍል ኮርስ ምርጫ ነው። አልጀብራ 1 ወይም ከዚያ በላይ ካልወሰደች፣ ወይም አማካይ ውጤቷ (GPA) 3.5 ካልሞላ ማመልከቻዋ አይታይም፤ ሒሳብና ሳይንሱም በአነርስ (honors፣ ከመደበኛው ከፍ ባለ) ደረጃ መሆን አለባቸው። የኮርስ ምርጫው የሚሞላው 7ኛ ክፍል እያለች ስለሆነ አሁኑኑ ካውንስለሯን ያነጋግሩ። ገቢያችሁ የሚፈቅድ ከሆነ የነፃ ምሳ ቅጹንም ይሙሉ፣ ልጅዎ ምሳ ከቤት ብትይዝም። ብዙ ወገኖቻችን አፍረው ይተዉታል፤ የቤተሰብ ገቢ ማነስ ግን በምዘናው ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው።