ቱርቦ ሞተር በቤት መግጠም፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የቀረቡት የኋላ ጎማ የሚነዳ ቀላል መኪና ሞተር አውርደው ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተር ሊገጥሙ ከተነሱ ሰዎች ነው። ቱርቦ በሞተሩ ጭስ እየዞረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ ነው። ብዙዎቹ የያዙት የኒሳን ኤስ አር 20 ዲ ኢ ቲ ስለሆነ ምሳሌው በእሱ ላይ ቢሆንም አሠራሩ ለሌላውም ያገለግላል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ሞተር ልገዛ ነው። ሻጩ «ንጹህ ነው» ከማለት ሌላ የሚነግረኝ የለም። ምኑን ልይ?

መልስ፦ ካንዴላዎቹን (ነዳጁን የሚለኩሱትን) አስፈታና አራቱን ጎን ለጎን ደርድራቸው። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ በዘይት ከጠቆረ ምክንያቱን ሳታውቅ አትክፈል። ነጩ ሸክላ ላይ የሚያብለጨልጩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካየህ ደግሞ ከፒስተኑ የቀለጠ አሉሚኒየም ነው፤ ትተኸው ሂድ።

ከዚያ ኮምፕረሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ የሚታመቀውን አየር ግፊት፣ ለካ። ነዳጅና እሳት ተቋርጦ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ የመለኪያው መርፌ መውጣት እስኪያቆም በሞተሪኖ (በማስነሻው) ይዙር። ቁጥሩ ራሱ እንደ መለኪያውና እንደ ባትሪው ጉልበት ይለያያል፤ ዋናው በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ አለመብለጡ ነው። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገመው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ካላለ ቫልቭ ወይም የቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን) ጋስኬት ነው።

የቱርቦውን ዘንግ በጣትህ ያዘው። ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቁ ዘይት በሌለበት የተለመደ ነው፤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ወይም ምላጩ ቤቱን የፋቀበት ምልክት ካለ ግን ቱርቦውን ከሒሳብ አውጥተህ ተደራደር።

አንድ ወጥመድ አለ፦ ይህ ሞተር በአግድም ለሚቀመጥባቸው፣ አራቱንም ጎማ ለሚነዱ መኪኖችም ተሠርቷል። የዚያኛው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ለአንተ አይሆንም፣ ሌላም ብዙ ዕቃ ይለያያል። ካምቢዮው፣ ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ቦክስና ያልተቆረጠ የሽቦ ገመዱ አብረው ያሉትን ግዛ።

ጥያቄ፦ ሱፖርቶ (ሞተሩ የሚቀመጥበትን ድጋፍ) ለመሥራት ብየዳ እችላለሁ። ሞተሩን የት ላይ ላስቀምጠው?

መልስ፦ መጀመሪያ ሞተሩና ካምቢዮው ተያይዘው ይግቡ። ብቻውን ሞተሩን አስገብቶ ሱፖርቶ መበየድ በኋላ ሁሉንም ማፍረስ ነው። መኪናው በአራት ጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይሁን፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም፣ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አትግባ።

የምትከተለው ማዕዘኑን ነው። የካምቢዮው መውጫ ዘንግና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ዘንግ ከጎን ሲታዩ እርስ በርስ ትይዩ መሆን አለባቸው፤ መሀል ላይ ያለው ረጅሙ ዘንግ ከእያንዳንዳቸው ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ይሁን። ሁለቱ ማዕዘኖች እኩል ካልሆኑ መገጣጠሚያዎቹ አንዱ የሌላውን መፋጠንና መዘግየት አያጠፋም፤ ፍጥነት ሲጨምር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው ይህን ጎማ ባላንስ በማስደረግ ሊፈታው ይሞክራል። በማዕዘን መለኪያ የምትለካው የመኪናው ክብደት ጎማው ላይ ባረፈበት ሁኔታ ነው።

ማዕዘኑ ሲስተካከል የዘይት ቋቱ ከመሪው ዘንግና ከፊት ማገሩ 20 ሚሊ ሜትር ያህል መራቁን እይ፤ ሞተሩ ጉልበት ሲሰጥ ይወዛወዛል። ሱፖርቶውን በነጥብ ብየዳ ብቻ ያዘው፣ ቦኔቱን ዝጋ፣ ራዲያተሩንና የቱርቦውን ጭስ ማውጫ ሞክር፣ ከዚያ አውጥተህ ጨርሰህ በይድ። ስትበይድ ባትሪውና ኮምፒውተር ቦክሱ ይነቀሉ።

ጥያቄ፦ አዲስ ቱርቦ ገጥሜ ሞተሩ ሥራ ፈት ሲዞር ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ቱርቦው ብልሹ ነው የሸጡልኝ?

መልስ፦ ምናልባት፤ ግን ከመመለስሽ በፊት የመመለሻ ቱቦውን እዪ። የቱርቦ ዘይት በግፊት ይገባል፣ የሚወጣው ግን በራሱ ክብደት ብቻ ነው፤ ያውም እንደ ሳሙና አረፋ ሆኖ። መንገዱ ከጠበበ አረፋው የቱርቦው መሀል ቤት ውስጥ ተጠራቅሞ በዘንጉ ማኅተም በኩል ወደ ጭስ ማውጫው ይሾልካል። ማኅተሙ የቀለበት ፋሻ እንጂ የጎማ መዝጊያ ስላልሆነ የቆመ ዘይት አይይዝም።

ስለዚህ የመመለሻው የውስጥ ስፋት ከ16 ሚሊ ሜትር አይነስ፣ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ይውረድ፣ የትም ላይ ሆድ አያውጣ። ወደ ቋቱ የሚገባውም ከዘይቱ ደረጃ በላይ ነው። ቀዳዳው ከዘይቱ ሥር ከሆነ ጭሱ አይጠፋም። ጋስኬቱ ላይ የተቀባ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ፈስሶ ቀዳዳውን ሲያጠብም ይታያል፤ እዚያ ቦታ ሲሊኮን አትጠቀሚ።

የመግቢያው ነገር እንደ ቱርቦው ዓይነት ነው። ባለ ኳስ ኩሽኔታ ከሆነ መግቢያው ላይ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ያለው መቀነሻ ይፈልጋል፤ ባለ ብሮንዚን (ኳስ የሌለው፣ ዘንጉ በዘይት ላይ የሚንሳፈፍበት) ከሆነ ብዙውን ጊዜ አይፈልግም፣ ብታደርጊበት ዘይት ይርበዋል። ይህም ደህና ከሆነ የሞተሩን የውስጥ ትንፋሽ መውጫ ፈትሺ፤ ከታፈነ በቋቱ ውስጥ ያለው ግፊት ዘይቱ እንዳይወርድ ያግደዋል።

ጥያቄ፦ 300 ፈረስ ጉልበት እፈልጋለሁ። የፋብሪካው ኢንጄክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። የቱርቦ ቤንዚን ሞተር በሙሉ ጭነት ለአንድ ፈረስ ጉልበት በደቂቃ ወደ 6 ሲሲ ነዳጅ ይፈልጋል። 300 ሲባዛ በ6፣ 1800 ሲሲ፤ ለ4ቱ ኢንጄክተሮች ሲካፈል 450። ኢንጄክተር ከ80 በመቶ በላይ ክፍት እንዲቆይ ስለማይፈለግ ለ0.8 አካፍለው፤ 562 ይመጣል። ከ550 እስከ 600 ሲሲ ያለውን ግዛ። የፋብሪካው 370 ሲሲ በዚሁ ሒሳብ 200 አካባቢ ላይ ያበቃል። ኢንጄክተር ከቀየርክ ኮምፒውተሩ መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ በነዳጅ ይታፈናል።

ፓምፑን ስትመርጥ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመን። ፓምፕ ግፊቱ ሲጨምር የሚያወጣው መጠን ይቀንሳል፤ መነሻው 3 ባር ሆኖ ቱርቦው 1 ባር ሲሰጥ ፓምፑ 4 ባር ላይ ነው የሚሠራው። በሰዓት 255 ሊትር የሚለው እዚህ ይበቃል፤ ግን በራሱ ሪሌይና በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ይመገብ። በአሮጌ ቀጭን ሽቦ 11 ቮልት ብቻ የሚደርሰው ፓምፕ ሌላ፣ ደካማ ፓምፕ ነው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) የግድ ነው?

መልስ፦ 25 ዲግሪ ያለው አየር በ1 ባር ግፊት ሲታመቅ ከ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ይወጣል። አዎ፣ የግድ ነው።

ጥያቄ፦ ሽቦው አስፈራኝ። ቁልፍ ስከፍት ሁሉም ይበራል፣ ሞተሩ ግን አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም።

መልስ፦ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) ነው ብዬ እጀምራለሁ። የሞተሩ ሱፖርቶ ጎማ ስለሆነ ሞተሩ ከቦዲው በኤሌክትሪክ የተለየ ነው። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብሎክ አንድ ወፍራም ገመድ፣ ከብሎኩ ወደ ቦዲው ሌላ፣ የኮምፒውተሩ የማሳ ሽቦዎች ደግሞ ቀለም በተፋቀበት የሞተር ብረት ላይ። በሞተሪኖ ስታዞር ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ብሎኩ በቮልት መለኪያ ለካ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ወይም ማያያዣው አይረባም። ይህ ደህና ከሆነ ለኮምፒውተሩ የሚገባውን የቁልፍ መስመር እይ፤ አንዳንዱ መስመር ቁልፉ ወደ ማስነሻው ሲዞር ይጠፋል፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ ኮምፒውተሩ በጣም ይፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳስነሳ?

መልስ፦ ቱርቦው ውስጥ በመግቢያው ንጹህ ዘይት ጨምርበት። ካንዴላዎቹን አውጣ፣ ነዳጁንና እሳቱን ቁረጥ፣ የዘይት ግፊት መለኪያው እስኪነሳ በ10 ሰከንድ በ10 ሰከንድ አዙር፤ በየመሀሉ ሞተሪኖው ይቀዝቅዝ። ከተነሳ በኋላ የዘይት ግፊት ካላሳየ ወዲያው አጥፋ። እሳት ማጥፊያ እጅህ አጠገብ ይሁን፣ ሌላ ሰው የነዳጅ መስመሩን ይመልከት።

ጥያቄ፦ የዋስትጌቱን (የቱርቦውን ግፊት የሚገድበውን በር) ዘንግ በማጥበቅ ግፊቱን ብጨምርስ?

መልስ፦ ይጨምራል። ችግሩ ነዳጁ አብሮት መጨመሩን የሚነግርህ አለመኖሩ ነው። መጀመሪያ ዋይድባንድ ኦክስጅን ሴንሰር (ከጭሱ ምጣኔውን የሚለካ) ግጠም፤ በሙሉ ግፊት የአየርና የነዳጁ ምጣኔ 11.5 አካባቢ ይሁን። 12.5 ሲያልፍ ካየህ ነዳጅ አንሷል ማለት ነውና እግርህን አንሳ። ሞተሩ ማንኳኳት (ነዳጁ ያለ ሥርዓት መፈንዳት) ከጀመረ በጆሮ እስክትሰማው ድረስ ፒስተኑ ላይ የፋሻው መቀመጫ ሊሰበር ይችላል። ካንዴላውም አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ (ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ)፣ ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ሰፊ ክፍተት በግፊት ውስጥ እሳቱን ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ አየር የሚያስተነፍሰውን ቫልቭ ወደ ውጭ ብለቀው? ድምፁን ወድጄዋለሁ።

መልስ፦ የአየር መጠን መለኪያ ሴንሰሩ አየሩን ቆጥሮታል፤ አንተ ወደ ውጭ ስትለቀው ኮምፒውተሩ ለሌለ አየር ነዳጅ ይረጫል። ማርሽ በቀየርክ ቁጥር ጥቁር ጭስና መንተፋተፍ። ወደ መግቢያው መልሰው።

ጥያቄ፦ ፍሬኑ የድሮው ቢሆን?

መልስ፦ የድሮው ፍሬን የተሠራው ለድሮው ሞተር ፍጥነት ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚቀይረው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ቢያንስ የፊት ዲስኩን ትልቅ አድርግ፣ የፍሬን ዘይቱን ቀይር፤ ቱርቦው አጠገብ የሚያልፈውን የፍሬን ቱቦ ደግሞ ከሙቀት መከላከያ ጀርባ አሳልፈው።