ክሬቪስ እና ክረቫስ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች! መኪና አጥባለሁ። ወንበር ሥር የገባውን ቆሻሻ የምስብበት የቫኪዩም ቀጭን አፍ ካርቶኑ ላይ «ክሬቪስ ቱል» ይላል። ሰሞኑን ደግሞ ስለ ኤቨረስት ዶክመንተሪ ሳይ፣ በረዶው ላይ ሰው የሚውጠውን ስንጥቅ «ክረቫስ» ሲሉት ሰማሁ። አነጋገሩ ነው የተለያየው ወይስ ቃሉ ሌላ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጆሮህ አልተሳሳተም። ሁለት ቃላት ናቸው፣ እናታቸው ግን አንድ ናት። ክሬቪስ ጠባብ ነው፤ ሳንቲም ገብቶ ጣት የማይከተለው ዓይነት። የዓለት ንቃቃትም፣ የመኪና ወንበርም ይሆናል። ክረቫስ ግን ሰፊና ጥልቅ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የበረዶ ግግር ላይ።

ሁለቱም የመጡት መፈንዳት፣ መሰንጠቅ ከሚለው የፈረንሳይኛ ግስ ከ«ክረቬ» ነው። ፈረንሳዮች ዛሬም ጎማ ሲፈነዳባቸው እሱኑ ይጠቀማሉ፤ ሲደክማቸውም «ፈንድቻለሁ» እንደማለት ይሉታል። እንግሊዞች ቃሉን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ወስደው ክሬቪስ አደረጉት። ከዚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአልፕስን በረዶ ሊወጡ ሄደው የአገሬው ሰው ክረቫስ ሲል ሲሰሙ፣ ቤታቸው ያለውን ቃል እንደ አዲስ እንደገና ተዋሱት! ሉዊዚያና ውስጥ ደግሞ የሚሲሲፒ ወንዝ መከላከያ አፈር ሲደረመስ ክረቫስ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1849 ኒው ኦርሊንስን ያጥለቀለቀው ጎርፍ «የሶቬ ክረቫስ» የተባለው ለዚህ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። የፈረንሳይኛው ግስ ከላቲን «ክሬፓሬ» የወረደ ሲሆን ትርጉሙ መንቋቋት፣ ቋ ማለት ነበር። መጀመሪያ ድምፁ ነበር ማለት ነው፣ ስንጥቁ በኋላ መጣ። ሐኪሞች ጉልበት ሲንቋቋ «ክሬፒተስ» የሚሉትም ከዚያው ነው። «ክራክ» የሚለው ተራ ቃልም እንዲሁ ድሮ ድምፅ ብቻ ነበር።

እግረ መንገዴን፣ የእኛ «ነቃ» ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰውም ይነቃል፣ ማሰሮም ይነቃል። በግዕዝ ግን እንቅልፉ ነቅሀ፣ ስንጥቁ ነቅዐ ነበር። በቃላቱ መጨረሻ ያሉት ሀ እና ዐ ከአፋችን ሲጠፉ ሁለቱ አንድ ሆነው ቀሩ። ምንጭን በግዕዝ «ነቅዕ» የሚሉትም ከስንጥቁ ወገን ነው፤ ውሃው ዓለቱን ሰንጥቆ ስለሚወጣ።