ግጥም ለጀመራችሁ፦ የራስ ስለሆነ ቃል

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ረቂቅ ሳርም ኖሬ፣ ዛሬ በጡረታ ቱሉ ዲምቱ ካለው የኮንዶሚኒየም ቤቴ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ። ግጥማችሁን ይዛችሁ ስትመጡ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ግጥም የራስ የሚሆነው መቼ ነው?

አንዳንዶቻችሁ መልሱን ከቅርጹ ትፈልጋላችሁ፤ ቤት መምታት ከቀረ እውነቱ በራሱ የሚወጣ ይመስላችኋል። ሰሎሞን ደሬሳ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት» የተባለውን የግጥም መድበሉን ሲያሳትም ከተለመደው አገጣጠም ወጥቶ ነበር፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ምጣኔውን ሳይተው ስምንት ስምንት ቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል) ያለውን፣ «ጸጋዬ ቤት» የምንለውን አገጣጠም አበጀ። ሁለቱም የራሳቸውን ድምፅ አግኝተዋልና ጥያቄው በቅርጽ አይፈታም።

እኔ የምፈራው ቤት እንዲመታ ሲባል ብቻ የሚገባውን ቃል ነው። በቅርቡ አንዲት ወጣት ያመጣችልኝ ግጥም ጎጆ፣ ዋርካና አውድማ ሞልቶበት ነበር፤ እሷ ግን ያደገችው እዚሁ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ውኃ የሚመጣበትን ሌሊት እየጠበቀች ጀሪካን ስትሞላ ነው። ስለ ጀሪካኑ ለምን እንዳልጻፈች ስጠይቃት «እሱማ ግጥም አይሆንም» አለችኝ። ነገሩ ልቤን ነካው፤ በእሷ ዕድሜ እኔም ጠብቄያቸው ስለማላውቅ ከብቶች ጽፌ አሳትሜአለሁና። በዚያው ዓመት ስለቀበርኳት እናቴ ግን አንድ ስንኝ አልጻፍኩም፤ ልቅሶ ቤት የሰማሁት ተራ ንግግር ለግጥም የሚበቃ አልመሰለኝም ነበር።

ያልኖሩትን መጻፍ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። ኮዬ ፈጬ ሕንፃ ሳይሞላው እዚያ ያረስ ከነበረ አባት ጋር ተቀምጣችሁ በትዕግሥት ብታዳምጡት፣ አውድማ የሚለው ቃል የእናንተም ይሆናል።

በቅኔ ቤት ተማሪው በየጊዜው አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ የጓደኛውን ይዞ መምህሩ ፊት መቅረብ ነውር ነው። ሁለት ቤት ብቻ ላላት፣ ጉባኤ ቃና ለምትባለው አጭር ቅኔ ከሰው ርቆ ረጅም ሰዓት ይቀመጣል። እናንተም ግጥሙን ስትጨርሱ እያንዳንዱን ቃል አንሥታችሁ፣ ያመጣው ያያችሁት ነገር ይሁን ወይስ የላይኛው ስንኝ ድምፅ ብቻ፣ መርምሩ። ድምፅ ብቻ ያመጣውን ሰርዙት፤ ስንኙ ቢጎድልም ይጉደል።

ያቺ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ተመልሳ መጥታ ነበር። የያዘችው አምስት ስንኝ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ቤት አይመታም፤ ነገር ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ውኃው ከመድረሱ በፊት፣ በባዶው ቧንቧ የሚያልፈው አየር እዚያ ስንኝ ውስጥ ይሰማል። እንዳታስተካክለው ለመንኳት።