ስፓይደርማን ሲገባ ጌሙ ይዘጋል

ደሴ ላይ ዝናቡ ሰውን ቤት ካስቀመጠው ሰነበተ። የምትልኩልኝ ጥያቄዎችም የቤት ውስጥ ጥያቄዎች ሆነዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

«ጋሼ፣ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ላይ የስፓይደርማን ሞድ ጫንኩ። ትንሽ ቆይቶ ራሱን ይዘጋል። ችግሩ ላፕቶፔ ነው?» (ከሸዋ በር)

አብሽር፣ ላፕቶፕህን አትውቀሰው። (ሞድ ማለት ተጫዋቾች ራሳቸው ጌሙን ለመለወጥ የሚሠሩት ተጨማሪ ፋይል ነው።) ጌሙ ለኮምፒውተር የወጣው በ2005 ነው፤ የደከመ ላፕቶፕም ይችለዋል። እኔ የምጠረጥረው የጌሙን ቨርዥን ነው። አብዛኛው ሞድ የተሠራው ለመጀመሪያው ለ1.0 ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ቨርዥኖች ሞድ አይወዱም። ሌላው፣ የጌሙን ዋና ፋይል ከፍተህ የስፓይደርማኑን ልብስ እዚያ ከከተትክ ተው። ሞድ ሎደር የሚባለውን ተጠቀም። ሞዱ በራሱ ፎልደር ይቀመጣል፤ ካልተስማማህ ፎልደሩን ታጠፋለህ፣ አለቀ። ደግሞ አንድ በአንድ ጫን። አሥሩን ባንዴ ከጫንክ ጥፋተኛውን ጦሳ ላይ ወጥተህም አታየውም።

ከሁሉ በፊት ግን ንጹሑን ጌም ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርግ። እኔ አንድ ጊዜ ፋይል እየተካሁ መብራት ሄደብኝ። ሲመለስ ጌሙ የለም። ኮፒውም የለም። የአክስቴ ልጅ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ፍሬም ሊሚተር የሚለውንም (የምስሉን ፍጥነት የሚገድበውን) አታጥፋው። ሲጠፋ ምስሉ ይፈጥናል፤ የጌሙ ዋና ሰው ሲጄ ግን ሲዋኝ እንደ ኤሊ ይጎተታል።

«ሱፐርማን ይቀድማል ባትማን? ማኪያቶ ተወራርደናል።» (ከፒያሳ)

ሱፐርማን። ሰኔ 1938 የሚል ቀን ባለው የአክሽን ኮሚክስ የመጀመሪያ እትም ላይ ነው የመጣው፤ ዋጋው 10 ሳንቲም። ባትማን በ1939 ተከተለ። ባትማን ያልከው፣ ክፈል።

«የ11 ዓመት ልጄ ከኮሚክ ሌላ አያነብም። ትምህርቱን ይጎዳው ይሆን?» (እናት፣ ከኮምቦልቻ)

እህቴ፣ የተጨነቁት እርስዎ ብቻ አይደሉም። አሜሪካኖች በ1954 ነገሩን ሴኔት ድረስ ወስደውታል። በዚያው ዓመት አሳታሚዎቹ ራሳቸው የኮሚክስ ኮድ የሚባል ደንብ አወጡ። እኔን ከጠየቁኝ፣ የሚያነብ ልጅ ሲያነብ አልከለክልም። የሚከነክነኝ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ማንበቡ ነው። ጀምበር የሚባለውን ይፈልጉለት። ኢትዮጵያዊ ሱፐርሂሮ ነው፣ በ2018 ወጣ፣ በአማርኛም አለ። ሴት ልጅ ካለችዎት ደግሞ ሃዊ የምትባለው ሱፐርሂሮ አለችላት።

«ፔስ 2013 ላይ ቼልሲ ለምን ለንደን ኤፍሲ ተባለ? ደንበኞቼ ይነጫነጫሉ።» (ፕሌይስቴሽን ቤት ያለው፣ ከኮምቦልቻ)

የፕሪምየር ሊጉ ፈቃድ በተፎካካሪው በፊፋ ጌም እጅ ስለነበረ ነው። ፔስ ስሙንም ማልያውንም መጠቀም አልቻለም። ኦፕሽን ፋይል ወይም ፓች የሚባል ማስተካከያ ፋይል ሲጫን ስሙም ማልያውም ይስተካከላል። ለመነጫነጭ ሌላ ምክንያት ያገኛሉ።

«አንድ የቆየ ጌም ጽሑፉን ወደ አማርኛ ልቀይር ብል ዝብርቅርቅ ምልክት ይወጣል። ፎንት ጭኛለሁ።» (ተማሪ፣ ከደሴ)

ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። የድሮ ጌም ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተርህ ላይ ያለውን ፎንት ዞር ብሎ አያይም። ውስጡ ፊደላቱ በየካሬው የተሳሉበት አንድ ምስል አለ፤ ከዚያ እየቆረጠ ይለጥፋል። ስለዚህ ፎንት መጫን ሳይሆን ያንን ምስል በእኛ ፊደል እንደገና መሳል ነው ሥራው።

ጣጣው ቦታው ነው። ለአንድ ፊደል አንድ ባይት የሚሰጥ ጌም ያለው 256 ቦታ ነው። የመጀመሪያዎቹ 32 ለትእዛዝ ይያዛሉ፤ 224 ይቀራል። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 ሲባዛ በ7፣ 231። ቁጥርና አራት ነጥብ ሳይገቡ ሞልቶ ፈሰሰ።

እኔ ብሆን ሐን፣ ኀን፣ ሠን፣ ዐን እና ፀን ከነቤተሰባቸው አሰናብታለሁ። 35 ቦታ ይለቃሉ፤ የሚቀሩት ፊደላት 196 ይሆናሉ። 28 ቦታ ተረፈ ማለት ነው። አሥሩን ለቁጥሮች ስጥ። በቀሩት 18 ነጥቦቹንና እንደ ቋ እና ሏ ያሉትን ዲቃላዎች አጨናንቀህ ታስገባለህ። ፀሐይ «ጸሀይ» ሆና ትወጣለች፣ ንጉሥም «ንጉስ»። የአማርኛ መምህርህ ብቻ ጌሙን እንዳያይብህ።